ባለ ሦስት ቀጠሮው ሕፃን

የወታደሩ ሚስት ሕፃኗን አቅፋ ከወጣች ቆይታለች። ልቅሶው ግን ከክፍሉ አልወጣም። ዋሪዮ እጁን እየታጠበ፣ ድምፁ ከጭቃው ግድግዳ ውስጥ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ሲመጣ ይሰማው ነበር። ውሃ ማፍሰሱን ሲያቆም ልቅሶው ያቆማል፤ ሲያፈስስ ይመለሳል። ስምንት ሌሊት ያልተኛ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው፤ ያለፈውንና ያለውን አይለይም።

መቀስና መቆንጠጫው የተቀቀሉበት ድስት የላምባ ምድጃው ላይ አሁንም በዝግታ ይንተከተካል። በትንሿ መስኮት የገባው የጥር ፀሐይ እንፋሎቱን ወርቅ አስመስሎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በዚህች የጓሮ ክፍል የነገሌ ወንዶች ልጆች ይገረዛሉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዋሪዮ ዋቆ እጁ ቀላል ነው ስለሚባል፣ የጦር ሰፈሩ ሚስቶችና ከደጋ ተመድበው የመጡ ሠራተኞች የስምንት ቀን ልጆቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ፀሐይ ሳትጠነክር ይደርሳሉ። ዛሬ ሁለት ነበሩ። ሦስተኛው በዋናው ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ እናቱ ጉያ ተኝቷል። የራሱ የዋሪዮ ልጅ ነው።

«ምድጃው አልጠፋም አይደል?» አሉ እማማ ሸዋርካብሽ ከበሩ። የሚስቱ የቡርቱካን እናት ናቸው። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል። «የኛን ላምጣው?»

«ትንሽ እንጠብቅ፣ እማማ። አባቴ ዛሬ ይደርሳሉ።»

«አባትህ ዝናብ ናቸው እንዴ የሚጠበቁት?»

«ለኛ ያው ናቸው።»

ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። «ፀሐይ ከጠነከረች ደም ይበዛል። ይኼን የነገርከኝ አንተ ነህ። ስምንተኛ ቀን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፣ ልጄ።»

እሳቸው ሲሄዱ ዋሪዮ ምድጃውን አጠፋ። ከዚያ መልሶ ለኮሰው። ከዚያ ለምን እንደለኮሰው ጠፋውና፣ በርጩማውን ይዞ ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ስምንተኛው ቀን የእማማ ሸዋርካብሽ ቀጠሮ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከሸዋ ደጋ ሲወርዱ ይዘውት የመጡት፣ ባላቸው በኦጋዴኑ ጦርነት ከቀሩም በኋላ ያልጣሉት ሥርዓት ነው። የአባቱ የኦቦ ዋቆ ቀጠሮ ግን ሩቅ ነው። በእሳቸው ዘንድ ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ አይነካም። አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የገዳው ተራ ሲደርስ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ወቅት ይገረዛል፤ ያን ቀን ለቅሶ የለም፣ ዘፈን ነው ያለው። ልጁ ገና ወተት እንኳ በወጉ መሳብ አልቻለም፤ አንዱ ቀጠሮ ዛሬ ነው፣ ሌላው አርባ ዓመት ይቀረዋል።

«ናጋ፣ ዋሪዮ!» ከሚላ ናት፤ በአጥሩ ክፍተት ስኳር በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ገባች። ፊት ለፊት ካለው ሱቋ ሆና የዚህን ቤት ትንፋሽ ታዳምጣለች። «ገና ነው እንዴ? እኔ ቤት ሦስቱም በሰባት ዓመታቸው ነው። ትልቁ አምልጦ ገበያውን አቋርጦ ሮጦ፣ ግመል ነጂ ነው ይዞ ያመጣልኝ። ይኼ የናንተው ግን የት ይሮጣል? ወላሂ፣ ሰው መሸሽ እንኳ ሳይችል ይያዛል?»

«ሳይችል መያዙ አይሻልም?» አላት ዋሪዮ። «አያስታውሰውም።»

«እሱስ አያስታውስም። እናቱስ፣ አንተስ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

እንግዲህ ሦስተኛው ቀጠሮ ይኸው ተጨመረ። ዋሪዮ ግንዱን ተደግፎ ዓይኑን ከደነ።

እሱ ከእነዚህ በየትኛውም ቀን አልተገረዘም። በስምንተኛው ቀን አይደለም፤ በሰባት ዓመቱ አይደለም፤ ከእኩዮቹም ጋር አይደለም። ቦሬን አልፎ ባለ የደጋ ከተማ ተማሪ ሳለ፣ ወንዝ ለመታጠብ በወረዱበት ልጆቹ አይተውት «ወሸላ!» ብለው ጮኹ። ስሙን ለሁለት ዓመት ማንም አልጠራውም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ ሐሙስ ብቻውን ወደ ሐኪም ሄደ። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም እጁን አልያዘውም። ሲመለስ በእግሩ ነበር፣ በዝናብ፣ በየዛፉ ሥር እየቆመ።

ከዓመታት በኋላ፣ የገዳ እኩዮቹ ተራ ሲደርስ፣ አዮዲንና ጥጥ በቦርሳ ይዞ ወደ ሜዳው ወርዶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ዲዳም ከተረኞቹ አንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ አዮዲኑ አመሰገኑት፤ ከዚያ በትህትና ከእንግዶቹ ጋር አስቀመጡት። ፂም ያበቀሉ ሰዎች በዘፈን መሃል ተራ በተራ ሲሄዱ አየ። ዲዳ ማታ ወተት ይዞለት መጥቶ «አንተ እኮ ቀድመህ ደርሰሃል» አለው። ሊያጽናናው ነበር። ዋሪዮ ግን ቀድሞ የደረሰ ሰው ብቻውን እንደሚቀመጥ ያን ቀን ነው ያወቀው።

አሁን ከግራሩ ሥር፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል፣ ያ ሜዳ መጣ። ሣሩ ነጭ ነበር። ሰዎቹ በርቀት በሙቀቱ ውስጥ ይርገበገባሉ፤ እግራቸው መሬት አይነካም። ከመካከላቸው አንዱ ሽበት ያወጣ ሰው ወደ እሱ መጣና ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ የኔ ቀን የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀው። ዋሪዮ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን ቃል አይደለም፤ የሁሉም ቅዳሜዎች ልቅሶ ነው።

የጭነት መኪና ጥሩንባ አባነነው።

ኦቦ ዋቆ ከሜጋ በኩል በመጣ ከብት ጫኝ መኪና ላይ ከነበትራቸው ወርደው፣ አቧራውን ከጥምጥማቸው እያራገፉ ገቡ። ረጅም ናቸው፤ በሩን ሲያልፉ እንደ ግመል በልክ ጎንበስ አሉ። በትከሻቸው የታጨሰ ወተት የሞላ ጮጮ አንጠልጥለዋል። ሰላምታው ረዘመ፤ የሰው ሰላም፣ የከብቱ ሰላም፣ የሣሩ ሰላም ተጠየቀ። ቡርቱካን ከመጋረጃው ጀርባ በጥሩ ኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ያደገችው እዚሁ ነው፣ የምታስተምረውም እዚሁ። እናቷ ግን በሃያ ዓመት ከገበያ ኦሮምኛ አላለፉም፤ ኦቦ ዋቆም ከአማርኛ የሚያውቁት በቢሮ በር ላይ የሚባለውን ያህል ነው። ስለዚህ ዋሪዮ እንደ ወትሮው በሁለቱ መሃል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሚላ ከጥጉ አልተነሳችም።

እማማ ሸዋርካብሽ ልጁን አምጥተው አሳዩ። ሽማግሌው የተከደነውን ዓይን፣ የተጨበጠውን እጅ አተኩረው አዩ።

«ንገራቸው» አሉ እማማ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው። «እኔ ወግ ለማሳየት አይደለም የምቸኩለው። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነበር። በሰባተኛው ቀን ሞተብኝ። ለማግስቱ የተዘጋጀው ቂቤና ገንፎ ለለቅሶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስምንተኛውን ያየ ወንድ ልጅ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ዛሬ ነው የያዝኩት። ዛሬን ዝም ብዬ ካሳለፍኩት፣ ያ ቀን ዳግመኛ አመለጠኝ ማለት ነው። ንገራቸው።»

ዋሪዮ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ቃሎቹ እጁ ላይ የወደቀ ትኩስ ነገር መሰሉት። ወደ አባቱ ዞሮ በኦሮምኛ፣ «እንኳን ደህና መጡ ይላሉ» አለ። «በአገራቸው ስምንተኛው ቀን ይከበራል። የእርስዎን ሐሳብ ግን ያከብራሉ።»

ከሚላ ሻርፗን ወደ አፏ አስጠጋች።

ኦቦ ዋቆ ለረጅም ጊዜ በትራቸውን ተመለከቱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ለምራታቸው እናት ሳይሆን ለመሬቱ የሚናገሩ ይመስላሉ። አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ወሰደብኝ አሉ። አልተቆጣሁም፤ ዘመኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በእኩዮቹ ቀን ግን ከእንግዶች ጋር ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጦ አየሁት። ያን ቀን ወተት አልጠጣሁም። ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ሰው አባት መሆን እንዲህ ነው። ይህን ትንሹን ተዉልኝ፤ ባልደርስበትም የሚደርስበት ቀን ይኑረው።

ግቢው ውስጥ ዶሮ ጮኸች። ዋሪዮ አባቱ ያን ቀን ወደ እሱ እንዳዩ አላወቀም ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ዘፈኑ ያዞሩ መስለውት ነበር።

«ምን አሉ?» አሉ እማማ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት... ማለቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚሉት» አለ፣ ምላሱ እየተያያዘ። «ልጁ የሁላችንም ነው፤ ለእናንተ የተሻለውን አድርጉ ይላሉ።»

የእማማ ፊት በራ። ተነሥተው የሽማግሌውን እጅ በነፃ እጃቸው ያዙ፤ ኦቦ ዋቆም፣ ቃላቸው እንደተከበረላቸው አምነው፣ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ሁለቱም ፈገግ አሉ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሰላም ወርዶ አያውቅም። እማማ ሕፃኑን እንደታቀፉ ወደ ጓሮ ክፍል አመሩ፤ ሽማግሌው ደግሞ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ዋሪዮ በመሃላቸው ቆሞ ቀረ። እንዲህ አድርጎ ነው ሁልጊዜ የሚተረጉመው፤ በጤና ጣቢያም፣ በቀበሌም፣ በቤትም። የሾለውን ነገር ከሁለቱም ወገን ያወልቅና ድቡልቡሉን ያቀብላል። ማንም ተጎድቶበት አያውቅም፤ እሱ እንደሚያስበው።

«እማዬ፣ ቁሚ» አለች ቡርቱካን።

መጋረጃው ተገለጠ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ፀጉሯ አልተበጠረም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«አንድ ቃል አልተነጋገራችሁም» አለች፤ ያንኑ በኦሮምኛ ደገመችው። ከዚያ ባሏን አየችው። «ወንድሜን ከነገሩ አወጣኸው፣ ዋሪዮ። እኔ እንኳ ወንድም እንደነበረኝ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ አንተ ደግሞ በአፍህ ሳትይዘው ጣልከው። ራስህንም አወጣህ። አባትህ ስላንተ ነው የተናገሩት።»

«ክፉ ቃል እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ክፉ አይደለም። ከባድ ነው እንጂ።»

ከሚላ «አላህ ያሳይሽ» አለች ቀስ ብላ፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

ስለዚህ ዋሪዮ ተቀምጦ እንደገና ተረጎመ። በመጀመሪያ ለአባቱ የሞተውን ሕፃን ነገራቸው፤ ሰባተኛውን ቀን፣ ገንፎውን፣ ሁሉንም። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አስተኙ። ከዚያ ለእማማ፣ ከወንዙና ከሐሙሱ ጀምሮ፣ ቦርሳውን አቅፎ የተቀመጠውን ልጅ ነገራቸው፤ «ልጄ» በሚለው ቦታ ላይ «እኔ» ማለት ስላለበት፣ አረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ጀምሮ በሦስተኛው ጨረሰው።

የመኪና መንገዱ ላይ ግመሎች እያለፉ ነበር፤ የእንጨት ቃጭላቸው ከሌላ ዘመን እንደሚመጣ ሆኖ ቀረበ፣ አለፈ፣ ራቀ።

«አንተስ?» አለች ቡርቱካን። «የሁለቱን ሰማን።»

«እኔ?» እጁን አየ። «ባለፈው ዓመት ከዋደራ መንገድ ያመጡት ልጅ ነበር። ደሙ አልቆም አለ። ከጠዋት እስከ ቀትር በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ያዝኩት። እናቱ ልማድ ነው ብላ በር ላይ ተቀምጣ ታወራ ነበር። ተረፈ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ በላይ ገረዝኩ፤ አንዱም አልታመመም። አንድ ሐኪም ግርዛት የሚከላከለው በሽታ አለ ብሎኛል፤ ሌላው ደግሞ የትኛውን በሽታ ልታክም ነው ቢላ ያነሣኸው ብሎ ጠይቆኛል። ሁለቱም የተማሩ ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ ሲመጣ ወላጆቹ ወስነው ነው፤ እኔ እጅ ብቻ ነኝ። በዚህ ልጅ ላይ ግን እጅ ብቻ መሆን አልቻልኩም።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዛሬ አልገርዘውም። ለገዳውም ብዬ አይደለም። አፍ አውጥቶ ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።»

ያንኑ ምንም ሳይቀንስ በኦሮምኛ ተናገረው።

«ራሱ!» አሉ እማማ። «የስንት ዓመቱ ራሱ? ወንዝ ወርደው ሲሰድቡትስ? አንተ አይደለህም እንዴ የምታውቀው? ያን ሐሙስ ለልጅህ ልታወርሰው ነው?»

«ብቻውን ይወስን?» አሉ ኦቦ ዋቆ በዚያው ቅጽበት በኦሮምኛ። «ሰው ለብቻው ገላ አለው? ከማን ጋር ሊሆን ነው?»

ከሚላ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይኸው ተስማሙ! ዋሪዮ፣ ሁለቱን አንተ ላይ አስታረቅካቸው።»

ዋሪዮም ሊስቅ ምንም አልቀረውም። እውነታቸውን ነበር። ያችን ሐሙስ፣ ያንን ዝናብ፣ ልጁ ብቻውን ሲሄድባቸው ታየው። ሆኖም ከተቀመጠበት አልተነሣም።

እማማ ሕፃኑን አጥብቀው ጠቀለሉት። «እንግዲያው ጦር ሰፈር እወስደዋለሁ። የነሱ ድሬሰር ሥዩም ነው፤ ልጅ አይቶ አይፈላሰፍም።»

ቡርቱካን ወደ ልጇ ሄዳ ግንባሩን በጣቷ ነካችው። «ስምንት ቀን ሙሉ ስገለባበጥ ነው የከረምኩት» አለች። «ጠዋት ሕመሙ ይቅርበት እላለሁ፤ ከሰዓት ሲሰደብ ይታየኛል። እማዬ፣ ውሰጂው። ግን አባባ ዋቆ አብረውሽ ይሂዱ። መንገድ ላይ ተነጋገሩ። ሁለታችሁ በአንድ አፍ ካልተናገራችሁ ሥዩም እንዳይነካው፤ የወለድኩት እኔ ነኝ።» ቀጥላ በኦሮምኛ ለሽማግሌው ነገረቻቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡ፤ በትራቸውን አንሥተው ተነሡ።

«እኔም ልሂድ» አለ ዋሪዮ። «ማን ይተረጉማል?»

«ማንም።»

ብልሃት እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። አልሳቀችም። ደክሟታል፤ እጇ እጅጌው ላይ ነው።

ከበሩ ቆመው ተመለከቱ። ቀዩ መንገድ በቀትር ሙቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። እማማ ሸዋርካብሽ በአንድ እጃቸው ሕፃኑን አቅፈው፣ በሌላው ጃንጥላ ዘርግተው ይሄዳሉ፤ ኦቦ ዋቆ ከጃንጥላው ውጭ በረጅሙ ይራመዳሉ። መቶ እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ እማማ ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። በበትራቸው አፈሩ ላይ ጫሩ፤ እሳቸውም ተናገሩ። እንደገና ተራመዱ። ጃንጥላው አሁን ሁለቱንም ሊሸፍን ይሞክራል፤ ለእሳቸው ቁመት ግን አይበቃም።

መንገዱ አንዱ ወደ ጦር ሰፈር፣ ሌላው ወደ ገበያ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ደግመው ቆሙ። ያን ያህል ሲርቁ እግራቸው በሙቀቱ ውስጥ ጠፍቶ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። እጅ ይወራጫል፤ ጣቶች ይቆጠራሉ። አንደኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላኛው ይተክዛል። ዋሪዮ ከንፈሩ ሳያውቀው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የማይሰማቸውን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ይሞላላቸዋል።

«ተው» አለችው ቡርቱካን።

ተወ። ጃንጥላው ታጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ነጩ ጥቅልል በሙቀቱ መሃል ከአንድ ክንድ ወደ ሌላ ክንድ በዝግታ ተሻገረ፤ ከእማማ ወደ ሽማግሌው ይሁን ወይስ ተመልሶ ወደ እማማ ግን ከዚያ ርቀት አይለይም ነበር።